ከጥጥ መጋዘኑ የወጣው ሳቅ

የላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ የራሴ አይደሉም። ለብዙ ዓመታት የጠየቀኝን ሰው ሁሉ የመኪና አደጋ ነው እያልኩ ሸኝቼዋለሁ፤ እውነቱን መናገር የሚያስጠይቅበት ዘመን ነበር፣ ዘመኑ ካለፈ በኋላ ደግሞ ልማድ ሆነብኝ። ዛሬ ግን እንደሆነው አድርጌ ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ አንደኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ሰናይት ብለው በስሜ የሚጠሩኝ የድሬዳዋ ቤተሰቦቼ ብቻ ነበሩ፤ የቀረው አገር የሚያውቀኝ ጭምጭምታ በሚለው ስም ነው። በየሁለት ሳምንቱ በቴሌቪዥን የሚታይ የተማሪዎች አስቂኝ ድራማ ነበር፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚኖሩ ጎረምሶችና ኮረዶች የሚሠሩትን ጥፋት ያሳይና መጨረሻ ላይ ሁሉም ተጸጽተው ደብተራቸውን ይገልጣሉ። ያንን መጨረሻ የሚጨምርልን ጽሑፉን የሚመረምረው ኮሚቴ ነው። የእኔ ድርሻ ወሬ ሳታቀብል መዋል የማትችለዋን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መጫወት ነበር። ወሬዋን ሁሉ “እኔ አልሰማሁም እንጂ” ብላ ነው የምትጀምረው። አውቶቡስ ስሳፈር ትኬት ቆራጩ፣ ዳቦ ልገዛ ስሰለፍ ሰልፈኛው በሙሉ “ዛሬስ አልሰማሽም?” ይለኝ ነበር።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት ከቀበሌያችን የኪነት ቡድን ነው። አባቴ ባቡር ነጂ ስለነበር ያደግነው ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ከለገሃሩ ብዙም በማይርቅ የባቡር ሠራተኞች ግቢ ውስጥ ነው። በግቢያችን አንዱ በር ላይ አማርኛ፣ ሌላው በር ላይ ኦሮምኛ፣ ማዶ ሶማሊኛ ይነገራል፤ ሽማግሌዎቹ ሠራተኞች ሲናደዱ ደግሞ የሚሳደቡት በፈረንሳይኛ ነበር። እኔ የሁሉንም አነጋገር እየቀዳሁ ጎረቤት ሳስቅ አደግኩ። ከአዲስ አበባ ለውድድር የመጣ አንድ አዘጋጅ መድረክ ላይ አይቶኝ ወሰደኝ። ወደ ፊት ገፋ ያሉትን ጥርሶቼን ወዷቸው ነበር፤ አንቺ ገና አንድ ቃል ሳትተነፍሺ ሰው መሳቅ ይጀምራል ይለኝ ነበር።

ነገሩ የደረሰብኝ ቀረጻ ተቋርጦ እናቴን ልጠይቅ ድሬ በሄድኩበት ሰሞን ነው። ጊዜው ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና ከየመንገዱ የሚታፈስበት ጊዜ ነበር። በደረስኩ በማግስቱ ታናሽ ወንድሜ ዮናስ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ሲጫወት ወታደሮች ሜዳውን ከበቡና ከነቁምጣው ጭነው ወሰዱት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። አባታችን መስመር ላይ ነበር፤ ባቡሩ አዋሽ ላይ ተበላሽቶ መቆሙን ከመስማታችን በቀር መቼ እንደሚመለስ አናውቅም። እናቴ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ነጋ። ጠዋት ነጠላዋን አጣፋችና “ተነሺ። አገር ምድሩ ያውቅሻል፤ መታወቅሽ ለዛሬ ካልሆነ ለመቼ ነው?” አለችኝ።

ልጆቹ የታጎሩት ደቻቱ ዳር ባለ ባዶ የጥጥ መጋዘን ውስጥ ነበር። ደቻቱ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው፤ ከላይ ዝናብ ካልጣለ በቀር ደረቅ አሸዋ ነው። ከመጋዘኑ አጥር ውጪ ገና በማለዳው እናቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ከአጠገባችን አዴ ሞሚና የምትባል ከቢዮ አዋሌ የፍየል ወተት ለመሸጥ የመጣች ሴት ነበረች። ወተቱን ተሸክሞላት የመጣው ልጇ ጀማል ገበያው መግቢያ ላይ ታፍሶባታል። በኦሮምኛዋ መሐል አማርኛ እየጣለች ለእናቴ ስታወራት ሰማሁ። ልጄን ለዓይኔ ብቻ አሳዩኝ ብላ ወተቱን ለወታደሮቹ ሰጥታ ነበር፤ ጠጥተው ባዶ ዕቃዋን መለሱላት።

በሩ ላይ የቆመው ወታደር ሲያየኝ ጥርሱ ተገለጠ። ዓረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ አስገባኝ፤ እናቴን ግን በሰደፉ ገፋ አድርጎ መለሳት። ውስጥ አንድ መቶ አለቃ ዛፍ ሥር ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። ተነስቶ ጨበጠኝ። የገዛ ልጆቹ ድራማዬ በሚታይበት ምሽት ሳያዩ እንደማይተኙ፣ ትንሿ ልጁ እኔን እያስመሰለች ቤቱን እንደምትረብሽ አጫወተኝ። ደግ ሰው መሰለኝ። የመጣሁበትን ነገርኩት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝና የራሱን ችግር ነገረኝ። ትናንት አንዱ በአጥር ሊያመልጥ ሲል ተይዞ ተቀጥቅጧል፤ ከዚያ ወዲህ መጋዘኑ ውስጥ ያሉት ልጆች እህል አንቀምስም ብለው ይጮኻሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የበላይ አለቆች ከሐረር ይመጣሉ። እንዲህ ሆነው ካገኟቸው እሱ ይጠየቃል።

“ሳቅ አምጪልኝ፣ ወንድምሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ” አለኝ።

ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። የማስታውሰው የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየሄደ የመጋዘኑን ትልቅ በር ሲሞላው፣ ከዚያ ሁለት ወታደሮች በብብቴ ይዘው መኪናው ላይ ሲያወጡኝ ነው። መድረኬ ያ ነበር።

ውስጡ በጣም ጨለም ያለ ነው። ዓይኔ እስኪለምድ ድረስ የታወቀኝ ሽታው ብቻ ነበር፤ ላብ፣ ሽንት፣ የደረቀ ደም። የቆርቆሮው ግድግዳ ፀሐይ በልቶ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ቀስ እያለ ፊታቸው ወጣልኝ፤ ሲሚንቶ ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡ ብዙ መቶ ልጆች። ተማሪ ነው፣ ሊስትሮ ነው፣ ከገጠር ሽርጡን እንዳገለደመ የተያዘ ነው። ከፊት አንዱ ክንዱን በሸሚዝ አንገቱ ላይ አስሯል፤ የተቀጠቀጠው እሱ መሆን አለበት፤ የዓይኑ ቅንድብ ተሰንጥቆ ሥጋው ይታያል። ዮናስን መሐል ላይ አገኘሁት። ጆሮው ሥር ደም ደርቋል። ዓይን ለዓይን ስንጋጠም አቀረቀረ።

በጭምጭምታ ድምፅ ጀመርኩ። ስለ ሒሳብ አስተማሪያችን አዲስ ጫማ የምታወራውን፣ አዲስ አበባ ላይ አዳራሹን በሳቅ የሚያናጋውን ክፍል ነው። ማንም አልሳቀም። ከኋላ አንዱ “ሂጂ፣ ቴሌቪዥንሽ ውስጥ ግቢ” አለኝ። የሚቀጥለው ቃል ጠፋብኝ። መቶ አለቃው ከታች ቆሞ ዓይኑን አልነቀለም።

ያን ጊዜ ጭምጭምታን ተውኳትና የግቢያችን ልጅ ሆንኩ። እንዴት እንደመጣልኝ እንጃ። ከአዲስ አበባ የመጣች ሞልቃቃ ድሬ ባቡር ጣቢያ ትወርዳለች አልኳቸው፤ ሙቀቱ ሊገድላት ነው፤ በሰፈሩ አንድ ጥላ ብቻ አለ፣ ጥላውን ደግሞ ፍየል ይዛዋለች። ልጅቷ በአማርኛ ተነሺልኝ ትላታለች፤ ፍየሏ ዝም። በኦሮምኛ ትለምናታለች፤ ፍየሏ ፊቷን ታዞራለች። በሶማሊኛ ትሞክራለች፤ ፍየሏ ማመንዠክ ትጀምራለች። ፍየሏን ሆኜ አመነዠክሁ፤ እነዚያን ጥርሶቼን አውጥቼ፣ መንጋጭላዬን እያዞርኩ፣ አንዱን ልጅ ትክ ብዬ እያየሁ። በመጨረሻ ልጅቷ ተናዳ እንደ ሽማግሌ የባቡር ሠራተኛ በፈረንሳይኛ ስትሰድባት ፍየሏ ብድግ አለችና፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ “ፓርዶን ማዳም” አለቻት። ለካ ለገሃር የተወለደች ፍየል ናት።

መጀመሪያ የሳቀው በግራ በኩል ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ አንድ ሽርጥ ያገለደመ ልጅ ነው። ሲስቅ የሚያስነጥስ ነው የሚመስለው፤ ይታገላል፣ ያፍናል፣ ያመልጠዋል። አጠገቡ ያለው በእሱ ሳቅ ሳቀ። ከዚያ ተዛመተ። አንድ ጊዜ ከተነሳ በኋላ የሚያቆመው አልነበረም፤ ከፍርሃት ጋር የተጠራቀመ ነገር ነው ፈንድቶ የወጣው። ክንዱ የተሰበረው ልጅ ክንዱን ይዞ እያቃሰተ ይስቃል። በሩ ላይ ያሉት ወታደሮች መሣሪያቸውን ተደግፈው ይስቃሉ። ዮናስ ቀና አለ። መቶ አለቃው በእጁ ቀጥዪ እያለ ምልክት ይሰጠኛል።

በዚያ ሳቅ መሐል ከመጋዘኑ ጀርባ ቆርቆሮ ሲቀደድ ሰማሁ።

መጀመሪያ የብርሃን ስንጥቅ ታየ፤ ስንጥቁ ሰፋ፤ ሳቁን ተገን አድርገው ግድግዳውን የገነጠሉት የኋላ ልጆች እንደ ውኃ በዚያ ይፈስሱ ጀመር። የቀረው ሁሉ ተነስቶ ወደዚያው ተተራመሰ። ወታደሮቹ ነገሩ እስኪገባቸው ድረስ ፊታቸው ላይ ሳቁ እንዳለ ነበር። ዮናስ ግን አልሮጠም። በዚያ ትርምስ ውስጥ ብቻውን ቆሞ እኔን ያያል፤ ላስፈታው እንደመጣሁ ገብቶታል። መቶ አለቃው ቃል ገብቶልኛል፣ እዚያው ቢቆይ ምናልባት በእጄ ይዤው እወጣ ነበር። ግን የመቶ አለቃውን ፊት ከላይ አየሁት። ያ ፊት ማንንም የሚለቅ ፊት አልነበረም።

“ዮናስ፣ ሂድ” ብዬ ባለኝ ድምፅ ጮህኩ።

ከዚያ ተኩስ ተከፈተ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚተኮስ ጥይት ጆሮን ሳይሆን ደረትን ነው የሚመታው። መኪናው ላይ በደረቴ ተደፋሁ። ከሥሬ ልጆች እርስ በርስ ይረጋገጣሉ። ክንዱ የተሰበረው ልጅ ሊነሳ ሲል አንድ ወታደር ጀርባው ላይ ቆሞ በሰደፍ ደጋግሞ ሲመታው አየሁ፤ እስኪዝል ድረስ። ተኩሱ ወደ ውጪ፣ ወደ አሸዋው ዞረ። ከአጥሩ ማዶ የእናቶች ጩኸት ተነሳ። ቀና ስል ዮናስ የቆመበት ቦታ ባዶ ነበር።

በፀጉሬ ጎትተው አወረዱኝ። ያስገቡኝ የዘበኛ ማረፊያ የነበረች ጠባብ ክፍል ነው። መቶ አለቃው ኮፍያውን ጥሏል። ሳቁ ምልክት ነው፣ አስቀድማችሁ ተስማምታችኋል፣ የላከሽ ድርጅት የትኛው ነው አለኝ። የላከችኝ እናቴ ናት አልኩት። እውነት ነበር። በጥፊ ጣለኝ። ፍየል ማለት ማን ነው፣ ጥላ ማለት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ፍየል ፍየል ናት አልኩት። ያን ጊዜ አንዱ ወታደር ጭንቅላቴን ከኋላ ያዘና መቶ አለቃው የጠመንጃ ሰደፍ አፌ ላይ አሳረፈው።

ሕመሙ ወዲያው አልመጣም። መጀመሪያ የመጣው አፌ ውስጥ ጠጠር ያለ የመምሰል ስሜት ነው። ተፋሁት፤ ጥርሶቼ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ወለሉ ላይ አስተኝተው የውስጥ እግሬን በኤሌክትሪክ ሽቦ ገረፉኝ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። በመገረፉ መሐል ጥያቄው ተረሳ፤ ማንም ምንም አይጠይቀኝም ነበር፣ ይመቱኛል ብቻ።

ያዳነኝ መታወቄ ነው ልበል? ከሰዓት በኋላ አለቆቹ ሲመጡ አንድ ሻምበል ክፍሏን ከፍቶ አየኝና ማን እንደሆንኩ ወዲያው አወቀ። አገር የሚያውቃትን ልጅ እንዲህ አድርጋችሁ ነገ ከቴሌቪዥን ስትጠፋ ምን ልትሉ ነው ብሎ መቶ አለቃውን ሲቆጣው ሰማሁ። አንስተው በሩ ላይ ጣሉኝ።

እናቴ ፊቴን ስታይ አልጮኸችም። ነጠላዋን ቀድዳ አፌን አሰረችልኝና ዮናስን አይተሽዋል ወይ አለችኝ። መናገር አልቻልኩም። ያን ሰዓት እናቶቹን በቡድን እያደረጉ ወደ አሸዋው ያስወርዷቸው ነበር። አሸዋው ላይ ሸራ ለብሰው የተኙ ሦስት ሬሳዎች አሉ፤ ልጁን የለየ ይውሰድ ተብሏል። እናቴ ትከሻዋን ሰጥታኝ ወረድን። የረገጥኩት አሸዋ የተገረፈ እግሬን እንደ ፍም ያቃጥለው ነበር፣ ግን ተመልሼ ልቀመጥ አልልም።

አንድ ወታደር ሸራውን አንድ በአንድ ገለጠ። የመጀመሪያው ዮናስ አልነበረም። ሁለተኛውም አልነበረም፤ ክንዱ ላይ የታሰረው ሸሚዝ አልተፈታም ነበር። ሦስተኛው ሲገለጥ እናቴ በረጅሙ ተነፈሰች። ደስታ ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። ያቺ ትንፋሽ ሳታልቅ አጠገባችን አዴ ሞሚና ተንበረከከች። ሦስተኛው ያ ሽርጥ ያገለደመው ልጅ፣ መጀመሪያ የሳቀው ጀማል ነበር። ጥይቱ በጀርባው ገብቷል፤ ፊቱ ምንም አልሆነም።

ከዓይኑ ላይ አሸዋውን በጣቷ ጠረገችለት። አላለቀሰችም። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ከውስጥ የነበርኩት እኔ መሆኔን አውቃለች።

“ሲስቅ ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው የእሱን ለይቻለሁ፣ ልጄ ሲስቅ እንደሚያስነጥስ ነው” አለችኝ። ቀጥላም “ምን ብለሽ ነው ያሳቅሽው?” ብላ ጠየቀችኝ።

አፌ በነጠላ ታስሯል። ብፈታውም የምናገርበት አልነበረኝም።

አዲስ አበባ ስመለስ አዘጋጁ ፊቴን አይቶ ጀርባውን ሰጠኝ፤ እያለቀሰ መሆኑ ትከሻው ላይ ይታይ ነበር። በሚቀጥለው ክፍል አንዷ ተማሪ፣ ጭምጭምታ ለመሠረተ ትምህርት ወደ ገጠር ዘመተች ብላ ተናገረች። የእኔ ነገር በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር አለቀ። ቁስሌ ሲድን የሬዲዮ ድራማ መጫወት ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ሰሞን ፊደላቱ በጥርሶቼ ክፍተት እያፏጩ ስለሚወጡ የሚሰጡኝ የባልቴት ድርሻ ብቻ ነበር። ወደ ቴሌቪዥን የተመለስኩት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ጥርስ አስተክዬ፣ እናት ሆኜ ለመጫወት ነው።

አፌ እንደዳነልኝ መጀመሪያ የሄድኩት ግን ቢዮ አዋሌ ነበር። እናቴም አብራኝ ሄደች። አዴ ሞሚና በረቷ አጠገብ አስቀመጠችን። መልሱን ይዤላት መጥቻለሁ አልኳትና ስለ ፍየሏ ነገርኳት። አልሳቀችም። ድገሚው አለችኝ። ቆሜ ደገምኩት፤ በሌለ ጥርሴ አመነዠክሁ። ፓርዶን ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ በፈረንሳይኛ ይቅርታ ማለት ነው አልኳት። በረቷ ውስጥ ያሉትን ፍየሎች ዞራ አየቻቸውና “ፍየል ይቅርታ አትልም” አለች። ይህን ብላ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች፤ ከሳቁ ውስጥ ደግሞ ያን ቀን አሸዋው ላይ ያልመጣው ለቅሶ መጣ። ሦስታችንም እስኪወጣልን አለቀስን።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እንዲያ ባለ ቦታ ሰው ማሳቅ ተገቢ ነበር ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ባላሳቃቸው ቆርቆሮው አይቀደድም ነበር፤ ቆርቆሮው ባይቀደድ ብዙዎቹ አያመልጡም፣ እነዚያ ሦስቱም አይገደሉም ነበር። ተጭነው ወደ ሰሜን ቢሄዱስ ስንቱ ይመለስ ነበር? ይህን ሒሳብ ስንት ጊዜ ሞክሬ አልወጣልኝም፤ አሁን ትቼዋለሁ። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ቀን በፊት ሳቅ ለእኔ ጭብጨባ ነበር፣ ስሜን በየመንገዱ መስማት ነበር። ከዚያ በኋላ ማንኛውም መድረክ ላይ ስቆም ከፊቴ ያለው ሰው ሁሉ ከአጥር ውጪ የምትጠብቀው እናት ያለችው ይመስለኛል። ቀልድ አቅልዬ ይዤ አላውቅም።

ዮናስ ሐዲዱን ተከትሎ ከእረኞችና ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ጋር ጅቡቲ ገብቶ ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ ሚስቱንና ልጁን ይዞ መጣ። አባታችን አልደረሰበትም፤ እናቴ ግን ፊቱን በእጇ ዳስሳ ተቀበለችው። ከዚራ በነበረው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስለዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አወራን። ሂድ ብዬ ስጮህ ምን እንደተሰማው ጠየቅኩት። ግራ ገብቶት አየኝ።

“አንቺ ጮኸሻል እንዴ? እኔ ምንም አልሰማሁም። ተኩሱ ሲጀምር ነው የሮጥኩት” አለኝ።

በዚያች ቃል የተነሳ ስንት ዓመት በየሌሊቱ እየባነንኩ ኖሬያለሁ። ምላሴ ሳላውቀው የተተከሉትን ጥርሶቼን ይዳስሳል። እናቴ ወንበሯ ላይ ያንቀላፋች መስሎን ነበር፤ ዓይኗን ሳትገልጥ ተናገረች።

“እኔ ሰምቼሻለሁ፣ ሰኒዬ። አጥሩን ይዤ ቆሜ ነበር። ሂድ ስትይው እሱን ለማትረፍ እንደሆነ፣ አንቺን ደግሞ እንደሚመቱሽ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።”